የግድቡ ብርጭቆ

ከዲጃ ብርጭቆዋን ከግድቡ ሥር በሚወጣው ውሃ ሞልታ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። አፉ ላይ ቀይ መስመር የዞረበት የሻይ ብርጭቆ ነው። ባሏ ቱሳ ከአሰላ ገበያ ስድስት ገዝቶ አምስቱ ተሰብረዋል። ከአምናው ጥር ጀምሮ በየማለዳው የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ትቀዳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ታያለች። የአፈር ግድብ ሁሉ ያፈስሳል፤ ማፍሰሱ አያስፈራም። የሚያፈስሰው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ቱሳ እንደሚለው፣ ግድቡ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው አልቦታል ማለት ነው። ውሃው አፈር ይዞ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው።

ዛሬ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

ስትቀዳ የታች ጭቃ ነክታ እንደሆነ ብላ ደፋችውና በጥንቃቄ ደግማ ቀዳች። እስከ መቶ ቆጠረች። ሌላ ጊዜ ሃያ ሳትደርስ የብርጭቆው ቂጥ ይታያት ነበር። ሁለት መቶ ደረሰች። ጣቷን ከብርጭቆው ጀርባ አድርጋ ብታይ ጣቷ የለም።

ግድቡ ትልቅ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ ቁመቱም ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው። ከጭላሎ የሚወርደውን ጅረት ጨፌው አፍ ላይ ያግደዋል፤ ጨፌ የሚባለው ክረምት ከበጋ ረግረግ የማያጣው የሣር ሜዳ ነው። የተሠራው ለመስኖም ለወፍጮም አይደለም። የመሬቱ ጌታ ፊታውራሪ ሣህሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያድኑ ኖረው፣ ማደኑ ሲሰለቻቸው፣ ዝይና ዳክዬ የሚያርፍበት፣ ድኩላ ወርዶ የሚጠጣበት ውሃ ይኑር ብለው ያሠሩት ነው። በዙሪያው መተኮስ ክልክል ነው። ሣር ማጨድ ክልክል ነው። ካቻምና ደግሞ ከብት ማስገባት ተከለከለ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። ቱሳ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ የታችኛውን መንደር ከብት ሁሉ ያስጠራና በግድቡ የውስጥ ጎን ወዲያና ወዲህ ያስነዳ ነበር። በዚያ ሁሉ ኮቴ የተረገጠ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ገል ይጠነክራል፤ ውሃ የሚሾልክበት ቀዳዳ አይኖረውም። ከዚያ ከብት የዝይ ጎጆ ይረግጣል ተባለ። የፊታውራሪ ወኪል አቶ ገብረ ማርያም ጨፌውን በእሾህ አሳጠረው። ቱሳ ይህ ነገር ግድቡን ይጎዳዋል ብሎ ነበር። ወኪሉም “ለፊታውራሪ እጽፍላቸዋለሁ” ብሎ ነበር። አልጻፈም።

በሁለት በጋ ግድቡ ደረቀና ተሰነጠቀ። በመካከሉ ቱሳ ከውሃው ማፍሰሻ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ዳሌውን ሰበረ። ወጌሻ ሦስት ጊዜ አሸው፤ በሦስተኛው ወጌሻውም ተስፋ ቆረጠ። ቱሳ ከመደቡ ሳይነሣ ቀረ፤ ግድቡን ከዲጃ ትዞር ጀመር። ወኪሉ ሲመጣ ቱሳ ገበያ ሄዷል፣ ቱሳ ወባ ይዞታል ትለዋለች። የሚኖሩበት ቤት የግድቡ ጠባቂ ቤት ነው፤ ጠባቂ ከሌለ ቤት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ይህን ቱሳም አያውቀውም። በሚያዝያ፣ ወኪሉ ሊጎበኝ በሚመጣበት ሰሞን፣ ከዲጃ ግድቡ አናት ላይ እጇ እስከ ክርኗ የሚገባበት ስንጥቅ አገኘች። ብትናገር ጠባቂው የት ነበር መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ጭድ በጭቃ አቡክታ ጠቀጠቀችበት፤ ላዩን እንደ ቤት ግድግዳ በእበት ለቀለቀችው፤ በመዳፏም አለሰለሰችው። ልቅለቃ ታውቅበታለች፤ ሲደርቅ የነበረበት ቦታ እንኳ አይታወቅም ነበር። አቶ ገብረ ማርያም በላዩ ላይ ቆሞ፣ “ቱሳ እኮ እጁ ወርቅ ነው” አለ።

ያ የደፈረሰ ውሃ የሚወጣው ከዚያ ቦታ ትክክል፣ ከታች ነው።

ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ቤት ገባች። ቱሳ በክርኑ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር።

“ስንት ቆጥረሽ ጠለለ?”

“አልጠለለም።”

ብርጭቆውን ተቀብሏት ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ጣቱን ነክሮ ውሃውን በሁለት ጣቶቹ መካከል አሸው።

“ይሄ የሜዳ ጎርፍ አይደለም፤ የግድቡ ሆድ ነው” አለ። “በየት በኩል ነው?”

“ከትልቁ ድንጋይ በላይ።”

“እዚያ ጋ ግንቦት ላይ ስንጥቅ አለ ወይ ብዬሽ የለም አላልሽኝም?”

“ብዬሃለሁ።”

አያት። እሷ እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር፤ የሚነድ ነገር ግን አልነበረም።

“ማፍሰሻው አፍ ላይ የደረደሩት ጓል ይነሣ” አለ ቱሳ። “ውሃው አንድ ክንድ ተኩል ይውረድ፣ ቀዳዳው ከላይ እንዳይጠጣ። ከዚያ ኮቴ ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ ከዲጃ። ጭላሎ ላይ ከዘነበ ነገ የሚባል ነገር የለም።”

ጓሉን ያስደረደረው ወኪሉ ነው። ፊታውራሪ ቅዳሜ ከአንድ ፈረንጅ ጋር ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ፈረንጁ ዝይ ይቆጥራል። ውሃው አንድ ክንድ ከፍ ካለ ሣሩን ያጥለቀልቀዋል፤ ዝዮቹም እንግዶቹ ወደሚቀመጡበት ዳስ ይጠጋሉ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

አቶ ገብረ ማርያምን ዳሱ ውስጥ አገኘችው። ከአሰላ በበቅሎ ያስጫናቸውን ሁለት ወንበሮች እያፈራረቀ ይቀመጥባቸዋል፤ አንዱ ይነቃነቃል፣ የትኛው ለፊታውራሪ እንደሚሆን እየመረጠ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የረሳው ነገር ያለ የሚመስለው ሰው ነው። አያቱ ከመንዝ መጥተው እዚሁ ቀሩ እንጂ እሱ ተወልዶ ያደገው አርሲ ነው፤ ኦሮምኛውም ከእሷ አያንስም።

“አቶ ገብረ ማርያም፣ ግድቡ የደፈረሰ ውሃ እያወጣ ነው።”

“ሐምሌ ነው እኮ። ሐምሌ ላይ ምን የማይደፈርስ አለ?”

“ይሄ ሌላ ነው።”

“ቱሳ አይቶታል?”

“አይቶታል። ጓሉ ይነሣ ብሏል።”

“ከቅዳሜ በኋላ ይነሣል።” ወደ ሁለተኛው ወንበር ተዛወረ። “ፈረንጁ ዝይ ሊቆጥር ነው የሚመጣው። ጭቃ ጭቃውን ልናስቆጥረው ነው?”

“እስከ ቅዳሜ ባይቆይስ?”

“አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ግድብ ሁለት ቀን ያቅተዋል? ደግሞ አንቺን ለምን ይልክሻል? ቱሳ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። ከአምና ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም።”

“እሺ ጌታዬ” አለችና ወጣች። እሺ ማለቷ ራሷን አናደዳት።

ከዚያ ወደ ታች ወረደች። ከግድቡ ሥር፣ የአንድ ሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው፣ ጅረቱ ዳር የከዲሮና የሰኪና ግቢ አለ። የከዲጃ አንድያ ልጅ አስያ ያገባችው የእነሱን ልጅ ነው። አስያ ከወለደች አሥራ ስምንት ቀኗ ነው፤ ኡልማ ላይ ናት፤ አራስ ከተኛችበት ጎጆ አርባ ቀን ሳይሞላት አትወጣም፣ ጅረትም አትሻገርም። ወደ ከፍታው የሚወስደው መንገድ ደግሞ ያለው ከጅረቱ ማዶ ነው።

ከዲጃ ከመግባቷ በፊት ከጅረቱ እስከ ጎጆው ደፍ በእርምጃ ለካችው። አራት እርምጃ ሆነ። በረዥሙ እየተራመደች ብትለካ ሦስት ነው።

ሰኪና በሩ ላይ ቁጭ ብላ ቅቤ ታነጥራለች። ወፍራም ናት፤ ስትቀመጥ በሩን እንዳለ ትዘጋዋለች።

“አስያን ለሦስት ቀን ወደ እኔ ቤት ልውሰዳት” አለች ከዲጃ።

“ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ካወቅሽ ምን ትጠይቂኛለሽ? አንቺ እሷን ስትወልጂ ስንት ቀን ተኛሽ?”

“አርባ።”

“እኔም አርባ። እናቴም አርባ። የኔ ምራት በአሥራ ስምንት ቀኗ ጅረት ስትሻገር ታየች እንዲባል ነው?”

“ግድቡ ደህና አይደለም ሰኪና።”

“ግድቡ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?” ሰኪና ሳቀች። “በየክረምቱ ቱሳ ይመጣል፤ ንቁ፣ ተጠንቀቁ ይለናል፤ እኛም ሦስት ሌሊት ሳንተኛ እናድራለን። ይኸው አለ። ሰላም በይልኝ። አልተሻለውም?”

ከውስጥ የአስያ ድምፅ እናቷን ጠራ። “አዮ፣ አንቺ ነሽ? ምን ሆነሻል?”

“ምንም አልሆንኩም። ናፍቀሽኝ ነው።”

የሰኪናን ጉልበት አልፋ አንገቷን አስገባች። አስያ ቅቤ አናቷ ላይ ቀልጦ ግንባሯ ያበራል። ሕፃኗ አጠገቧ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ የምትታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው። ከዲጃ ስለ ስንጥቁ ለመናገር አፏን ከፈተች። ሰኪና ከሰማች ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፣ ወኪሉም ይሰማል፣ ቤቱም ይሄዳል። አፏን መልሳ ዘጋች። ወደ ላይ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ ልጇና የልጅ ልጇ ጎርፍ መንገድ ላይ ተኝተው እሷ የጣሪያ ሒሳብ ትሠራለች።

ከትልቁ ድንጋይ በላይ የነበረው ቀዳዳ ጠዋት ጣት የሚያስገባ ነበር። አሁን ጡጫዋን አስጠግታ ለካችው፤ ይገባል። ዙሪያው እየተቆረሰ ትናንሽ ጓል ወደ ጅረቱ ይወድቃል። ከጀርባው ደግሞ የጭላሎ አናት የለም፤ በዳመና ተውጧል።

በቀጥታ ወደ ዳሱ ሄደች። አቶ ገብረ ማርያም የሚነቃነቀውን ወንበር እግር በጠጠር ደልድሏል።

“በሚያዝያ ሲመጡ ያመሰገኑትን ልቅለቃ ያስታውሳሉ?” አለችው።

“የቱን?”

“ግድቡ አናት ላይ። ሥሩ ስንጥቅ ነበረ። እኔ ነኝ የደፈንኩት። በጭድና በእበት።”

“በእበት?” ወንበሩን ለቀቀው። “ቱሳ እያለ አንቺ ምን አገባሽ?”

“ቱሳ የለም። ማለቴ አለ፤ ተኝቷል። ዳሌው ከተሰበረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ግድቡን የምጠብቀው እኔ ነኝ።”

አቶ ገብረ ማርያም በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

“ገበያ ሄዷል ያልሽኝስ?”

“ዋሽቼ ነው።”

“ወባውስ?”

“እሱም ውሸት ነው።”

“የአክስቱ ለቅሶ? ሰባት ቀን የተቀመጠው?”

“አክስት የለውም።”

“እኔ እኮ እግዜር ያጥናው ብያለሁ” አለ፤ ከሁሉም ያስከፋው እሱ ይመስላል። ከዚያ ተነሥቶ ተከተላት።

ቀዳዳው ፊት ሲቆም ስለ አክስቱ ማሰቡን ተወ። ሊጠጋ አንድ እግሩን አነሣና መለሰው።  ከዲጃ ብርጭቆውን ቀድታ ሰጠችው፤ ይዞት ቆመ፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

“ቱሳ ነግሮኝ ነበር” አለ በመጨረሻ። “ስለ ከብቱ።”

“ነግሮዎታል።”

“ልጽፍ ነበር እኮ። የሚቆጡ መሰለኝ።” ብርጭቆውን መለሰላት። “አሁን ያለፈቃዳቸው ውሃውን ብለቅ፣ ቅዳሜ መጥተው ጭቃ ቢያገኙ፣ እኔ ምን እሆናለሁ? አሰላ ሄጄ ስልክ እደውላለሁ። ይፍቀዱና እንለቃለን።”

“አሰላ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። መመለሻው ሦስት።”

“በቅሎዋ ፈጣን ናት። እስክመለስ አንዲት ጓል እንዳትነኪ። ሰምተሻል? በኔ ላይ እንዳታመጪብኝ።”

በቅሎዋን አስነሣ። ሃያ እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ልጓሙን ሳበና ሳይዞር፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ “ዶማው ዳሱ ውስጥ ነው፤ እንዳይጠፋ” አለ። በቅሎዋን ጎሰማት።

ዶማው ጠፍቶ አያውቅም። እንዳይጠፋ ተብሎም አያውቅም። ከዲጃ ከዓይኗ እስኪሰወር እንኳ አልጠበቀችም።

ማፍሰሻው ግድቡ ከተራራው ጋር በሚገናኝበት ዳር፣ ድንጋያማው ጎን ላይ ነው። ከዚያ የሚለቀቀው ውሃ በሌላ ገደል ወርዶ ከመንደሩ በታች ነው ጅረቱን የሚያገኘው። ጓሉ ከነሣሩ ተቆርጦ በሦስት ረድፍ ተደርድሯል። የላይኛውን በዶማ ፈልቅቃ ወረወረችው፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። መጀመሪያ ውሃው እየተግተለተለ መጣ፤ ከዚያ የቀሩትን ጓሎች ራሱ እየገፋ ይወስድላት ጀመር። ወገቧ ድረስ ረጠበች። ጓሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የማፍሰሻውን ወለል ቀዩ ጠንካራ አፈር እስኪወጣ ቆፈረችው። ዝናቡ ሲጀምር አልታወቃትም፤ እጀታው ከእጇ ሲያዳልጣት ነው ያወቀችው።

የውሃው ልክ የተቆረጠበትን ችካል አየች። ሁለት ጣት ወርዷል። አንድ ክንድ ተኩል እስኪወርድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማስላት ሞከረችና ተወችው።

አሁን የሚያስፈልገው ኮቴ ነው። ወደ አጥሩ በር ሮጠች። የእሾህ ክምሩን በዶማው ጎትታ ጣለችውና እንደገና ወደ ታችኛው መንደር ወረደች። ግድቡ ሊፈርስ ነው ብላ ብትገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ይከራከራታል፤ ሰኪና ጠዋት አሳይታታለች። ከዲሮን ከበረቱ በር አገኘችው፤ የአስያ አማት አጭር፣ ቶሎ ተናጋሪ ሰው ነው፤ አርባ ከብት አለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሣር በአጥር ቀዳዳ ሲያይ ኖሯል።

“የጨፌው አጥር ተከፍቷል” አለችው።

“ማን ከፈተው?”

“ወኪሉ አሰላ ሄዷል።”

ከዲሮ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በረቱን ከፈተ። ጎረቤቱ አየውና የራሱን ከፈተ። ያልተነገራቸው ሁሉ ሰምተው መጡ። ከዲጃ ከፊት ከፊት እየሮጠች ዳገቱን ስትወጣ ከኋላዋ ሁለት መቶ የሚሆን ከብት ይተራመስ ነበር።

ግድቡ ላይ ስትደርስ ዞረችና ከዲሮን በክንዱ ያዘችው። “ወደ ሣሩ ከመልቀቅህ በፊት እንደ ድሮው አስነዳልኝ። በአናቱ ላይ አንድም እንዳይወጣ። ከውስጥ በኩል፣ ውሃው ለቆት በሄደው ጭቃ ላይ ብቻ፤ እዚህ ጋ፣ እዚሁ ጋ።”

“ምን ሆነሽ ነው?”

ወደ ውጭኛው ጎን ወስዳ ቀዳዳውን አሳየችው።

ከዲሮ ቀዳዳውን አየ። ከዚያ ጅረቱን እየተከተለ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። የቤቱ ጣሪያ ይታያል፤ ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

“ጠዋት ነው የነገርሽን?” አለ።

“ጠዋት ለሰኪና ነግሬያታለሁ። ሁሉንም ግን አልነገርኩም። ስንጥቁን አውቄው ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ።”

ከዲሮ እጆቹን አፉ ዙሪያ አደረገ። ጩኸቱን ለቀቀው፤ መንደሩ ድረስ የሚሰማ። ግማሾቹን ሰዎች ከከብቱ ጋር አስቀረና ግማሾቹን ይዞ ወረደ።

እንዴት እንደተነጋገሩ ከዲጃ በኋላ ነው የሰማችው። ሰኪና በሩ ላይ እንደተቀመጠች አልነሣም አለች። ባሏ ግድቡ ላይ ያየውን ነገራት። ቅቤዋን ከእሳቱ አወረደች። ከዚያ፣ “አራስ ጅረት አትሻገርም” አለች፤ “አልጋ ግን ይሻገራል።” አስያን ከነሕፃኗ፣ ከነአልጋዋ፣ በላያቸው ላይ ቆዳና ጋቢ ጥለው፣ ስድስት ወንዶች አነሷት። ሰኪና ቅቤዋን ይዛ በጎን ትሄዳለች፤ አስያ እግሯን ከአልጋው እንዳታወርድ ትጠብቃለች። የአስያ እግር ውሃውንም ሆነ መሬቱን አልነካም። አልጋው ከዲጃ ቤት ገብቶ ከቱሳ መደብ ጎን ተቀመጠ።

“እንኳን ደህና መጣሽ” አላት ቱሳ። “እኔም ኡልማ ላይ ነኝ። አርባው ግን ሊሞላልኝ አልቻለም።”

ከብቱ እስኪመሽ ተነዳ። ውሃው በወረደ ቁጥር እየተከተሉ፣ ጎን ለጎን፣ ወዲያ ደርሰው ወዲህ እየመለሱ። ከዲጃ ማፍሰሻውና ቀዳዳው መካከል ስትመላለስ ስንት ጊዜ እንደወደቀች አታውቅም። አንድ ጊዜ ከቀዳዳው ከንፈር የምጣድ ያህል አፈር ተገምሶ ወደቀ፤ ያዩት ወንዶች ሁሉ ወደ ዳር ሮጡ፤ ከብቱ ግን ስላላየ መርገጡን ቀጠለ። ሲመሻሽ የሚወጣው ውሃ ከጡጫ ወደ ጣት ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ የዘነበው በማፍሰሻው ሄደ።

ጠዋት እንደገና ቀዳች። ሰባ ስትቆጥር የብርጭቆውን ቂጥ አየችው።

አቶ ገብረ ማርያም ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መጣ። የስልኩ መስመር በዝናቡ ተበጥሶ ነበር፤ ማንንም አላገኘም። ጨፌውን አየ፤ ውሃው በግማሽ ቀንሷል፣ ዙሪያው የተቦካ ጭቃ ነው፣ የዳሱን አንድ ቋሚ በሬ ታክኮበት አዘምሞታል። ዝዮቹ ከውሃው ጋር ወደ መሃል ሸሽተዋል። ደረቅ ላይ የቀሩትን የሁለት ጎጆ እንቁላል ቀበሮ በልቶታል። ወኪሉ ቅርፊቱን ለቅሞ ኪሱ ከተተ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከነካባው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀ።

ማንም አልመጣም። የፊታውራሪ ላንድሮቨር ከዴራ ሳይርቅ ኮትቻው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ በስድስት ጥንድ በሬ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ወደ ናዝሬት እንደተመለሰ እሑድ ማታ ተሰማ።

ሰኞ አቶ ገብረ ማርያም ከዲጃ ቤት ገባ። ቱሳን አንገቱን ደፍቶ ሰላም አለው። የአስያ አልጋ ተመልሶ ሄዷል፤ በቦታው ተቀመጠ።

“ፊታውራሪ ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ ብለዋል” አለ። “ውሃው እስከዚያ ይሞላል። ስለተለቀቀው አልጽፍም። ከብቱንም በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ጥንቱ እንዲገባ እጽፋለሁ። ይሄን በእርግጥ እጽፋለሁ።”

“ጥሩ ነው” አለ ቱሳ።

“ጠባቂ ግን ያስፈልጋል። የሚቆም።”

“እኔ ቆሜአለሁ” አለች ከዲጃ።

“ቆመሻል። ለፊታውራሪ ግን ግድባቸውን የምትጠብቀው ሴት ናት፣ ዓመት ከመንፈቅ ስትዋሸኝ ኖራለች ብዬ ልጻፍ? ሌላ ሰው ከሲሬ ይመጣል። እስከ መስቀል በቤቱ ቆዩ።” ሊወጣ ሲነሣም፣ “ሥራውን ታሳዪዋለሽ?” አላት።

ልትቆጣ ነበር። ቁጣው ግን ያሰበችውን ያህል አልመጣም።

“አሳየዋለሁ” አለች። “መቁጠር የሚችል ሰው ይሁን ብቻ።”

አስያ አርባ ቀኗ የሞላው በነሐሴ ነው። በዚያ ጠዋት አናቷን ታጥባ፣ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ጅረቱን በገዛ እግሯ ተሻግራ ወደ ግድቡ ወጣች። ሰኪና እስከ ዳገቱ ግማሽ ሸኘቻትና ትንፋሿ አጥሮ ተቀመጠች። ከዲጃ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ዴራ መንገድ ላይ ሊገቡበት ስለታሰበው የዘመድ ቤት ከቱሳ ጋር ሌሊቱን ሲነጋገሩ አድረዋል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ብርጭቆው ከፊቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

“አዮ፣ መጣን እኮ” አለች አስያ፤ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ዘረጋችላት። “አትቀበይኝም?”

ከዲጃ አንድ እጇን አነሣች፤ ዓይኗን ግን ከብርጭቆው አልነቀለችም።

“ቆይ” አለች። “አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ይጥለል።”